ሌሊት የሌለው መንገድ

ባለቤቴ አንኮሬጅ ሥራ ማግኘቱን ሲነግረን ሁላችንም በአውሮፕላን የምንሄድ መስሎን ነበር። ከሲያትል አንኮሬጅ አራት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። እሱ ግን የአውሮፕላን መካኒክ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ በአየር መሄድን ከጉዞ አይቆጥረውም። ዕቃችንን ለማስጫን የተጠየቀውን ዋጋ ባየ በሳምንቱ አንድ ያረጀ አርቪ እየነዳ መጥቶ በራችን ላይ አቆመው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ ሁሉም በአንድ መኪና ላይ! «ቤት እስክናገኝም እዚሁ ውስጥ እንኖራለን» አለ። ልጆቼ ሞተሩ ሳይጠፋ ዘለው ገብተው በአልጋ ተጣሉ። እናቴ ግን በምርኩዟ ጎማዎቹን ቆርቆር እያደረገች አንዴ ዞረችው።

«ውሃ ይይዛል?» አለችው።

«በደንብ እንጂ እማማ። ደግሞ መንገዱ ሁሉ ወንዝና ሐይቅ ነው፤ አይስጉ።»

«እንግዲያው ይሁን» አለችና ወደ ቤት ገባች።

እናቴ ስለ መንገድ ስትጠይቅ ከውሃ ትጀምራለች። በ1977 ዓ.ም. እኔን አዝላ፣ ታላቅ ወንድሜን እጁን ይዛ፣ ከአርማጭሆ በእግሯ ሱዳን ገብታለች። ከዚያ ገዳሪፍ አካባቢ መጠለያ ውስጥ ዓመታት ቆይተን ነው አሜሪካ የመጣነው። እኔ ከዚያ መንገድ አንድም ነገር አላስታውስም፤ እሷ ደግሞ አትናገርም። ልጆቼ ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ ብለው ሲጠይቋት እንኳ መልሷ «ሄድን፣ ደረስን» ነበር። መምህራቸው ይህን ብቻ ጽፈው ሲወስዱላት ምን እንዳለች አላውቅም።

የተነሳነው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። የሐዋርያት ጾም ተይዟል። እናቴ ለስንቅ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና አንድ ትልቅ ከረጢት በርበሬ አዘጋጅታለች። የኤሌክትሪክ ምጣዱንም ካልያዝን አልሄድም ብላ አልጋ ሥር አስገብታዋለች። ካናዳ ድንበር ላይ ፈታሹ ወጣት የበርበሬውን ከረጢት ፈትቶ አሸተተና እያስነጠሰ መለሰልን፤ ሌላውን ለማየት ፍላጎት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ በፍሬዘር ወንዝ ሸለቆ ሽቅብ፣ በፕሪንስ ጆርጅ አድርገን ዶውሰን ክሪክ እስክንደርስ ያለው ደን፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ እንደገና ደን ነው። ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ግን ነበር። ሰፈር ቦታ አድረን መብራት በተሰካልን ቁጥር እናቴ ምጣዱን ታወጣለች። ምጣዱ ሲግል ባለቤቴ ማቀዝቀዣውን በጋዝ ያደርጋል፣ ቡናው ይቆያል፣ ልጆቹ ስልክ አይሰኩም፤ ያለዚያ ማብሪያው ጧ ብሎ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ነን። የአርቪ ሕግ ለካ በእንጀራ ነው የሚለመደው።

ዶውሰን ክሪክ የአላስካ አውራ ጎዳና የሚጀምርባት ከተማ ናት። የመጀመሪያዋ ምሰሶ ሥር ሁሉም ሰው ፎቶ ይነሳል፤ እኛም ተነሳን። ከዚያ ወደ አንዲት ትንሽ ሙዚየም ገባን። እናቴ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ማየት አትወድም፤ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስላት። የዚያን ቀን ግን አንዱ ሥዕል ፊት ቆማ ቀረች። ወፍራም ካፖርት የለበሱ ጥቁር ወታደሮች፣ ጭቃ፣ ግንድ፣ ከኋላቸው ጫፉ የማይታይ ደን።

«እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አለችኝ።

የ13 ዓመቱ ልጄ እንግሊዝኛውን እያነበበ ነገራት። ጃፓኖች ፐርል ሃርበርን ከደበደቡ በኋላ አሜሪካ አላስካን በየብስ ለመድረስ ተጣደፈች። በ1942 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከአሥር ሺህ በላይ ወታደሮች በመሐንዲስ ሬጅመንቶች ሆነው ዘመቱ፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ደኑንና ረግረጉን ሰንጥቀው የመጀመሪያውን መንገድ አገናኙ። ከእነሱ ሲሶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ 93ኛው፣ 95ኛውና 97ኛው ሬጅመንት። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭን ለይቶ ነበር የሚያሰፍረው። ከተማ አጠገብ እንዳያድሩ ይደረግ ነበር። የ95ኛው ቡልዶዘሮች ለነጮቹ ተሰጥተው እነሱ አካፋና መጥረቢያ ደረሳቸው። ሲካኒ ቺፍ ወንዝ ላይ ግን እነዚሁ ሰዎች ደመወዛቸውን አስይዘው ተወራርደው፣ አራት ቀን ባልሞላ ጊዜ የእንጨት ድልድይ ሠርተው አሳዩ።

እናቴ ሰምታ ስትጨርስ «ብርድ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ነበር አላት። «እናቶቻቸው ያውቁ ኖሯል?» አለች። ይኼኛው ግድግዳው ላይ አልተጻፈም።

ከፎርት ኔልሰን በኋላ አገሩ ይለወጣል። ተራራው ይቀርባል፣ ቤት ይጠፋል፣ ነዳጅ ማደያ ሲገኝ ታንከሩ ባይጎድልም መቅዳት ግድ ይሆናል። ከፊታችን የሚሄድ የጭነት መኪና ጠጠር አስፈንጥሮ የፊት መስታወታችንን ሰነጠቀው፤ እዚያ መንገድ ላይ መስታወቱ ያልተሰነጠቀ መኪና ማየት ብርቅ ነው። በማንቾ ሐይቅ ዳር ጥቁር ድብ መንገዱን በእርጋታ ሲያቋርጥ ቆመን አሳለፍነው። ባለቤቴ የድብ መከላከያ ርጭት በበሩ ላይ ሰቅሎ ነበርና ሴቷ ልጄ ጣሳው ላይ ያለውን ስታነብ ውስጡ ያለው የሚያቃጥለው የበርበሬ ፍሬ ነገር መሆኑን አገኘች። ለአያቷ ነገረቻት።

«በርበሬ? በዚህ ብር?» እናቴ ዋጋውን ስትሰማ ከድቡ ይልቅ እሱ አስደነገጣት። ወዲያው ከከረጢቱ በእፍኝ ዘግና በላስቲክ ቋጥራ ከጣሳው ጎን አንጠለጠለችው። ባለቤቴ የሚረጨው ነገር ነፋስ ላይ በርቀት እንደሚሠራ ሊያስረዳት ሞከረ። «ድቡ አፍንጫ የለውም?» ብላ ዘጋችው።

ሊያርድ ወንዝ ፍል ውሃ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ፍል ውሃው የእንጨት መረማመጃ ተዘርግቷል። ከሥሩ የሞቀ ረግረግ ነው፤ በዚህ ሰሜን አገር ሊበቅል የማይገባው ለምለም ሣር ይበቅላል። በ1942 መንገዱን የሠሩት ወታደሮችም ይታጠቡበት ነበር ይላሉ። እናቴ ስለ ፍል ውሃ ሲወራ ከዋንዛዬ ሌላ አታውቅም፤ ልጅ ሳለች እናቷ ወስዳት ታውቃለች። ሰው ቀነስ እስኪል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ጠበቀች። ፀሐይዋ ገና ከዛፎቹ ራስ አልወረደችም። ነጠላዋን ለእኔ ሰጥታ፣ አማትባ፣ ከነቀሚሷ ገባች። ዋና ልብስ የለበሱት ጎብኚዎች መንገድ ለቀቁላት። እነሱ ወደማይደፍሩት፣ ውሃው ወደሚፈላበት ጫፍ እየተጠጋች ሄደችና ደንጊያ ላይ ተቀመጠች።

እኔም ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሲያትል ከወጣን ጀምሮ እንቅልፍ እንደሌላት አውቃለሁ። ባለቤቴ የአርቪውን መስኮቶች በፎይል ሸፍኖላት ነበር፤ እሷ ግን በሌሊት አንዱን ጥግ ገልጣ ውጭውን ስትመለከት ሁለት ሦስቴ አይቻታለሁ። ጾሙ አደከመሽ ወይ አልኳት።

«ጾሙ ምን ያደርገኛል» አለች። «አልጨልም አለ እንጂ።»

ዝም አልኩ። ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም፣ ሳልጠይቃት ነው የቀጠለችው።

«ያኔ ቀን ቀን ቁጥቋጦ ሥር እንተኛለን። የምንሄደው ሌት ነው። ጨረቃ ሙሉ የሆነች ለታ እንኳ መንገድ መሪው አንሄድም ይል ነበር። ሲነጋ ልጅ ማልቀስ የለበትም። ወንድምሽ ትልቅ ነው፣ ይገባዋል። አንቺ ግን ምኑም አይገባሽም። ሲነጋ አፍሽን እይዝሻለሁ። እንዳላፍንሽ ደግሞ በጣቴ መሃል ትንፋሽሽን አዳምጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ነው።»

ውሃውን በእጇ እየጨለፈች ጉልበቷ ላይ አፈሰሰች።

«በሶ ይዘን ነበር። የምንበጠብጥበት ውሃ ያልነበረን ለታ ዱቄቱን ለወንድምሽ በእጁ ሰጠሁት። አንቆት ሊሞት ነበር።» ትንሽ ቆየችና «እዚህ ደግሞ ውሃው ሞልቶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ሌሊቱ ጠፋ። ሰውነቴ ገና ነው፣ አትውጪ፣ ተደበቂ ይለኛል። ሞኝ ነው እንግዲህ» አለች።

እኔ ያደግኩት «ሄድን፣ ደረስን» እየሰማሁ ነው። በዚያ ፍል ውሃ ውስጥ ምን ልበላት? ጀርባዋን አሸሁላት። ወደ መኪናው ስንመለስ ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ምንም አልጠየቀም፤ ሻይ አፍልቶ ጠበቀን።

ዋትሰን ሌክ ላይ የምልክት ደን የሚሉት ቦታ አለ። በ1942 ካርል ሊንድሊ የሚባል ወታደር የተሰበረ የአቅጣጫ ምልክት ጠግን ሲባል አገሩ ናፍቆት ኖሮ የዳንቪል ኢሊኖይን ስምና ርቀት ጨምሮ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ የሚያልፍ ሁሉ የከተማውን ስም እየቸነከረ እኛ ስንደርስ ከሰባ ሺህ በላይ ሆኗል። ልጄ አንድ ጣውላ ላይ በአማርኛ «አርማጭሆ» ብሎ ጻፈና ርቀቱን ለመጻፍ አያቱን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጠየቃት።

«በየት በኩል?» አለችው።

ቁጥሩ ሳይጻፍ ተቸነከረ።

ዋይትሆርስ ላይ ባለቤቴ ስለ መንገዱ ታሪክ አንድ መጽሐፍ ገዛ። ማታ ማታ፣ ማታ ከተባለ፣ ጮክ ብሎ ያነብልን ነበር። የአላስካውን ጦር ያዝዝ የነበረው ጄኔራል ሳይመን ቦሊቫር በክነር ጥቁር ወታደሮች አላስካ እንዳይሰፍሩ በደብዳቤ ተቃውሞ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ እዚያው ይቀራሉ፣ ከአገሬው ጋር ይጋባሉ ብሎ ሰግቶ ነው። ባለቤቴ ይህን ሲያነብ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ሳቀ። እኔ ሳቁ ቶሎ አልመጣልኝም፤ በማግስቱ ግን ቢቨር ክሪክ አካባቢ ስናልፍ መጣልኝ። ከሰሜን የመጣው የ97ኛው ጥቁር ወታደር ሪፋይንስ ሲምስና ከደቡብ የመጣው ነጭ ወታደር አልፍሬድ ጃሉፍካ ቡልዶዘሮቻቸውን ነድተው የተገናኙት እዚያ ነው፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1942። መንገዱን ካገናኙት ከሁለቱ አንዱ በክነር ያልፈለገው ሰው ነበር።

መንገዱ ራሱ ከዲስትራክሽን ቤይ ወዲያ ሰው ይፈትናል። ከሥሩ ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ የረጋ በረዶ ነው። ላዩን የሸፈነው ሣርና ሥር ሲገፈፍ በረዶው ይቀልጣል፣ መሬቱ ይሰምጣል፤ ወታደሮቹ ይህን የተማሩት ማሽኖቻቸው ጭቃ ሲውጣቸው ነው። ዛሬም አስፋልቱ በየክረምቱ ይነሳል፣ በየበጋው ይወርዳል። ቀስ ብለን ብንነዳም ሳህኖቻችን ከመደርደሪያው እየዘለሉ ወረዱ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ግመል ላይ ነው እንዴ የጫንከን?» እያለች አማችዋን ትነዘንዘው ነበር።

ቢቨር ክሪክ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ ጸለየችና ጾሟን ፈታች፤ ሽሮ በድርቆሽ። የአሜሪካን ድንበር ስንሻገር የአላስካ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር ልጄ ስልኳን አይታ «አያቴ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው!» አለቻት።

«ምን ማለት ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሆነም።»

እናቴ ሆዷን አየች፣ ፀሐይዋን አየች፣ ባለቤቴን ክፉኛ አየችው። «ይህንን አገር እግዜር ይየው» ብላ በንዴት ያንኑ ዘጠኝ ሰዓት ሁለተኛ እስኪደርስ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ጠበቀች። የንስሐ አባቷ ኋላ በስልክ ሲሰሙ በጣም ሳቁ አሉ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አትስቅበትም።

ከቶክ እስከ አንኮሬጅ ያለውን ቶሎ አለፍነው፤ የማታኑስካን የበረዶ ግግር ከመንገዱ ላይ አይተን፣ ልጆቹ ወርደን እንንካው ሲሉ ባለቤቴ እንቢ ብሎ። ሥራ የሚጀምርበት ቀን ቀርቦ ነበር። የአንኮሬጅ አየር ማረፊያ ከእስያ የሚመጡ የጭነት አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚቀዱበት ስለሆነ መካኒክ ሌት ተቀን ይፈለጋል። ኪራይ ቤት እስክናገኝ በአርቪው ውስጥ ኖርን። ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ እያወጣን ስንጋግር የጎረቤት ሰፋሪዎች ሽታውን ተከትለው መጡ፤ አንዱ የፔሩ ሰው ነበረ፣ እንጀራውን በዓሣ በላው።

መስከረም ላይ በረዶ ሳይጥል አርቪውን ሸጥነው። የገዙት አንድ ወጣት ባልና ሚስት በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ሊወርዱ ነው። ባለቤቴ የማቀዝቀዣውን ጠባይና የቆሻሻ ውሃውን ቧንቧ አሳያቸው፤ የተሰነጠቀው መስታወት ላይ ተከራክረው ተስማሙ። ሴትየዋ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ቋጠሮ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። እናቴ ልጄን ጠርታ አጠቃቀሙን እንዲያስረዳት አዘዘችው፦ ድብ ሲመጣ ወደ ነፋሱ ጀርባሽን ሰጥተሽ ፍቺው፣ ድብ ካልመጣ ደግሞ በሽንኩርት አቁላልተሽ ምስር አድርጊበት፣ ብቻ ልጆች እንዳይነኩት። ልጄ በእፍረት ቀይ ሆኖ የተረጎመላቸው የምስሩን ክፍል ብቻ ነው።