የማታ ጉሊት በሆሳዕና
በካናዳ፥ በቫንኩቨር አጠገብ በምትገኘው በሪችመንድ ከተማ፥ የእስያ ሰዎች በሙቀት ወራት የሌሊት ገበያ አቁመው በእሳት የበሰለ ምግብ ይሸጣሉ። ከዚያ የደረሰ ያገራችን ሰው የመግቢያውን ከፍሎ፥ ተራውን ጠብቆ፥ የተጠየቀውን ሳይከራከር ይሰጣል፤ ሲመለስም ሥልጣኔያቸውን ያደንቃል።

ነገር ግን ይኸው ሰው በሆሳዕና ጀምበር ስትጠልቅ፥ በመንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ ከምትጠብሰው፥ ድንች ቀቅላ ከዳጣ ጋራ ከምታቀርበው እናት ዘንድ ሲደርስ፥ ስለ አምስት ብር ይሟገታል። በዱራሜ ገበያ የሚሸጠውም ቆጮ፥ እንሰቱ ብዙ ዓመት አድጎ፥ በሴቶች እጅ ተፍቆ፥ በጉድጓድ ቦክቶ የተገኘ ነው። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ ለሻጪቱ የልጆቿ እራት ነው። እንግዲህ በባዕድ አገር ያከበረውን የእጅ ሥራ በደጁ ሲያገኘው አያቃልለው።