የልጅ ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ሲመጣ

ልጆቻችን ከውጭ ሊመጡ ነው ሲባል እኛ ወላጆች አስቀድመን የምንጨነቀው ስለ ምግቡና ስለ መኝታው ነው። ቅቤው ይነጠራል፣ በርበሬው ይፈጫል፣ ፍራሽ ይገዛል። ዘንድሮ የእኛን ቤት ያስጨነቀው ግን ዓሣ ነው። ሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለገና ይመጣል። ወንዱ የልጅ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ ጋር ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። ላሊበላንም ጎንደርንም አላነሳም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ መንጠቆ መጣል።

ልጄ ዕቅዱን ወዲያው አወጣ። ዘንጉ ከዚያ ይመጣል፣ ጀልባ እዚህ እንከራያለን፣ ሐይቁ ዳር ሁለት ሌሊት እናድራለን። ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ስጠይቀው ሳቀብኝ። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ! እኔኮ እዚያው ነው ያደግኩት። ደግሞም የቢጫ ወባ ክትባት ወስደናል» አለኝ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ከውጭ የመጣ ሰው ትኩሳት ይይዘዋል። ዘመድ «የአየር ለውጥ ነው፣ ጉንፋን ነው» እያለ ሦስት አራት ቀን ቤት ያቆየዋል። ወደ እኛ ሲያመጡት ራሱን ስቶ ነው። ከተማ ተወልዶ ባሕር ማዶ የኖረ ሰው ሰውነት ከወባ ጋር ትውውቅ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወባ በሚበዛበት ቆላ ተወልዶ ደጋግሞ የታመመ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በከፊል መቋቋም ይለምዳል። ያ ሰው አካባቢውን ለቆ ዓመታት ሲቆጠሩ ልምዱ እየደከመ ይሄዳል። ልጄ ደግሞ ያደገው አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ የሚደክም ልምድም አልነበረውም። ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወባ አለ። ዋናው የወባ ወቅት ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ የገና ጉዞ ጭራውን ይነካዋል።

«ቢጫ ወባ» የሚለው ስምም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቢጫ ወባ ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባቱ ከተለመደው ወባ አያድንም። ወባን ለመከላከል የሚዋጥ ኪኒን ያስፈልጋል። ለምሳሌ አቶቫኮን-ፕሮጓኒል የሚባለው ወባ ወዳለበት ከመግባት 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ይጀመራል፤ እዚያ እያሉ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከወጡ በኋላም 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት ይወሰዳል፤ 8 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። የልጅ ልጄ እኅት 6 ዓመቷ ናት። ስለዚህ የሚስማማውን መርጦ በልጆቹ ክብደት ልክ የሚያዝ ሐኪም ያስፈልጋል፤ እሱንም ከጉዞው 4 ወይም 6 ሳምንት ቀድመው እዚያው ማየት አለባቸው። በዚያው የቴታነስ ክትባታቸውን ያስጠይቁ፤ መንጠቆ ጣት ይወጋል።

ቀጥሎ ያወራነው ስለ ሰዓት ነው። አጥማጅ የሚወደው ንጋትንና ማምሻን ነው። የወባ ትንኝም የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ጉማሬዎችም ሲመሽ ለሣር ወደ ዳር ወጥተው ሲነጋ ወደ ውኃው ይመለሳሉ፤ በጉማሬና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ደግሞ ትልቅ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ጀልባችን የሚነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ 5 ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ልጄ ይህን ለልጁ ሲነግረው ልጁ ደነገጠ፤ በእነሱ አቆጣጠር 2 ሰዓት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው! ጀልባ በስልክ የምትከራዩ ሁሉ በየትኛው ሰዓት እንደምትነጋገሩ አስቀድማችሁ ተግባቡ። ለልጆች የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዳለም በዚያው ጠይቁ፤ የአዋቂ ጃኬት ከልጅ ትከሻ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

ሦስተኛው ነገር ውኃው ነው። ቢልሃርዚያ የሚመጣው ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከእነሱ የሚወጣው ዓይን የማያየው ትል ቆዳን በስቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ሐይቅ ዳር ሲዋኙና መረብ ሲጎትቱ ያደጉ፣ ጉበታቸው ያበጠ ልጆች አስታምሜያለሁ። ከጀልባ ላይ ማጥመድ ችግር የለውም። በባዶ እግር ወደ ውኃው መግባትና የተጠላለፈ መንጠቆ ለማስለቀቅ ሣሩ ውስጥ መራመድ ግን አይሆንም። መዋኘት ያማረው በክሎሪን በታከመ የሆቴል ገንዳ ይዋኝ። ውኃው ከነካቸውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ቆይተው እዚያው ይመርመሩ፤ ከተገኘ መድኃኒት አለው።

አራተኛው መብሉ ነው። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው። የእኔ ጉዳይ መብሰሉ ነው። አሞራ ገደል አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ ማየት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው፤ እዚያው ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላ ሰውም አይጠፋም። ልጆቹ ግን በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ይብሉ፤ እሾሁን እኔ እለቅማለሁ። የልጅ ልጄ እነሱ የያዙትን ዓሣ መልሰው ውኃ ውስጥ እንደሚለቁት ነግሮኛል። ትንሹን እንልቀቀው፣ ትልቁን እንብላው ብለን ተስማምተናል።

ልጄ ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም አለኝ። ቀላል አልነበረም። ባደገበት ሀገር እንደ እንግዳ መድኃኒት ዋጥ መባሉ ከፍቶታል፤ ልጆቹ ሀገራቸውን እንዲፈሩ ማድረግም መስሎታል። እኔም ይህ ስሜት ይገባኛል። ነገር ግን ልጆቹ ሀገሩን የሚወዱት ደስ ብሏቸው፣ ጤነኛ ሆነው ሲመለሱ ነው። በኋላ ሦስት መስመር ጽፎ ላከልኝ፤ ለአራቱም የሐኪም ቀጠሮ ይዟል።

እናንተም ልጆቻችሁ ትኬት ቆረጥን ሲሏችሁ ስለ ወባ ኪኒኑ ጠይቋቸው። ፀረ ትንኝ ቅባትና እጀ ረጅም ልብስ ይያዙ፤ የሚያድሩበት ቤት አጎበር እንዳለው እናንተ አጣሩ። እዚህ እያሉ ትኩሳት ከያዛቸው በዚያው ቀን ደማቸው ይመርመር። ሲሸኙም የመጨረሻው ምክር ይህ ይሁን፤ አንዱ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሳ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት በያዛቸው ጊዜ ሁሉ ለሐኪሙ በቅድሚያ «ኢትዮጵያ ነበርን» ይበሉ።