ከጅራፍ ጩኸት በፊት

ዛሬ ሐምሌ 26 ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ከፋሲካ ጀምሮ እየሠራሁ ሳፈርስ፣ እያፈረስሁ ስሠራ የሰነበትሁባት ያች የጓሮ ክፍል የመጀመሪያውን ድምፅ ተቀበለች። የኔታ አጎዛቸው ላይ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከድጓው የክረምቱን ክፍል ሳያቋርጡ 38 ደቂቃ ያህል ካዜሙ በኋላ፣ ቡሄ ገና 17 ቀን እንደሚቀረው ማንም ያልነገረው አንድ የሰፈር ልጅ ከአጥሩ ማዶ ጅራፉን አጮኸው። በኮምፒዩተሩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ በትሕትና ይጓዝ የነበረው መስመር ባንዲት ቅጽበት ቀይ ሆኖ ዳር ነካ። የጅራፍ ጫፍ ሲወነጨፍ ከድምፅ ፍጥነት ይቀድማልና፣ ያ ጩኸት በመጠኑ ያነሰ ነጎድጓድ ነው፤ ነጎድጓድን የሚችል ማይክ ደግሞ እኔ አልገዛሁም። የኔታ ግን አልደነገጡም፤ የያዙትን ቃል እስከ መጨረሻው አድርሰው፣ ዐይናቸውን ገልጠው፣ «የደብረ ታቦር ልጅ መሆኑን ነው የሚናገር፤ ተወው ልጄ» አሉኝ።

ተውሁት። እንዲያውም ያችን ጩኸት ከፋይሉ ላይ አልቈርጣትም።

«ምን ምን ገዛህ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ የሰነበታችሁ ወዳጆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ ብል፣ መጀመሪያ የገዛሁት ማይክ ሳይሆን ጭድ ነው። ክፍሊቱ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች፣ ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፣ ኮርኒሷ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች፣ የጉና ደመና በክረምት ደጅ ሳያንኳኳ በሚገባባት በዚህች ከተማ፣ ቆርቆሮ ማለት ከራስ በላይ የተሰቀለ ከበሮ ማለት ነው። ስለዚህ ከኮርኒሱ በላይ የጤፍ ጭድ በጆንያ በጆንያ አድርጌ ደረደርሁ። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነውና ቀላሉ ጭድ ዝናቡን ዝም አላሰኘውም፤ ነገር ግን ስለቱን አዶለዶመው።

የእንቁላል ካርቶን በግድግዳው ላይ እንድለጥፍ ለመከራችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ካርቶኑን ሰብስባችሁ እስከ መላክ ደርሳችኋልና ፍቅራችሁን አልረሳውም፤ ካርቶኑ አሁን የእናቴን ጫጩቶች ያስተኛል። ያ ስስ ወረቀት ቀጭኑን ድምፅ በጥቂቱ ነካ አድርጎ ወፍራሙን እንዳለ ስለሚለቀው፣ ክፍሉን ጸጥ ያለ ሳይሆን የታፈነ ያደርገዋል። እኔ በምትኩ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቄ ሰቀልሁ፤ ከግድግዳው መራቃቸው ወፍራሙንም ድምፅ ጭምር ያደክመዋልና። ከዚያም በክፍሉ መካከል ቆሜ አጨበጨብሁ። ቀድሞ ጭብጨባዬ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንደ ተነካ ሽቦ ይነዝር ነበር፤ አሁን ግን አንድ ጊዜ ተሰምቶ ባለበት ዐረፈ። ያን ማታ እንቅልፍ የወሰደኝ በደስታ ነው።

ስለ ማይኩ ብዙ ተከራክረናል። ከእናንተ የሚበዙት ሹር ኤስ ኤም 58ን እንድይዝ ነበር የመከራችሁኝ፤ ምክራችሁም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የዓለምን መድረክ ሲያገለግል የኖረ፣ ወድቆ የሚነሣ፣ ከፊቱ ያለውን ብቻ ሰምቶ የጎረቤትን ነገር የማይሰማ ጨዋ ዕቃ ነው። ተውሼ ሞከርሁት። የኔታ ግን ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፤ ድምፃቸው እንደ ሐር ፈትል ቀጥኗል፤ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ባዞረው እንኳ የመጣልኝ ቃሉ ብቻ ሆነና ዜማው ግማሹ ቀረ። ድጓን የሚያውቅ ሰው ይህን ኀዘን ይረዳልኛል፤ ይዘቱ ተሰማ፣ ደረቱ ተሰማ፣ ድፋቱም ቅናቱም ተሰማ፣ ርክርኩ ግን ጠፋ። በመጽሐፉ ላይ በነጠብጣብ ብቻ የተመለከተችው ያች በጉሮሮ ውስጥ የምትንቀጠቀጥ ነገር፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በጆሮ እንጂ በዐይን የማትተላለፈው፣ እርስዋ ከሌለች ምን ልቀርጽ ነው የደከምሁት?

ስለዚህ ኮንደንሰር ማይክ ገዛሁ፤ ሁሉን የሚሰማውን፣ የዶሮውንም የዝናቡንም የጎረቤቱንም። ክፍሉን ፈጽሜ ጸጥ ማሰኘት ስላልተቻለኝ ሰዓቱን መረጥሁ፤ ዝናቡ የሚያባራበት፣ መኪና የማያልፍበት፣ ያ የሌሊቱ አርምሞ ገና ያልተነካበት ሰዓት ከየትኛውም ሱቅ የማይገዛ ዕቃ ነው። የቀረው ቀላል ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳ የፎከስራይት ኢንተርፌስ፣ ሰው የተገለገለበት፤ ለማይኩ 48 ቮልት የሚልከው እርሱ ነው። ጆሮን ከድኖ የሚይዝ ሄድፎን ገዛሁ፤ ስፒከር ግን አልገዛሁም፤ ጠባብ ክፍል ወፍራሙን ድምፅ ባንዱ ጥግ ከምሮ በሌላው ስለሚነጥቅ፣ በስፒከር የሰማሁትን ማመን አይቻለኝም። ከወንፊት ክፈፍ ላይ የናይለን ካልሲ ወጥሬ ከማይኩ ፊት አቆምሁ፤ «ፈ» በሚነሣበት ቃል ሁሉ የሚገፋውን ትንፋሽ እርሱ ይበትነዋል። ከአፋቸው እስከ ማይኩ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ለካሁ። ማይኩንም ማታ ማታ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር በጣሳ ከድኜ አሳድረዋለሁ፤ ይህ አገር በሐምሌ ሁሉን ነገር ያረጥባል።

ትናንት ማታ ግን ሁሉ ተሰናድቶ ሳለ አንድ የማይታወቅ ኸምታ ገባብኝ፤ ገመዱን ብቀይር፣ ሶኬቱን ብቀይር፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ብከፍት፣ እርሱ እንደ ንብ ቀፎ መዘመሩን አልተወም። ስምንት ሰዓት ላይ ተስፋ ቈርጬ ጋደም እንዳልሁ መብራት ሄደ። እንደ ልማዴ ላማርር አፌን ስከፍት፣ ከጆሮዬ ያላወረድሁት ሄድፎን ውስጥ ፍጹም የሆነ ጸጥታ ሰማሁ። ኮምፒዩተሩ በባትሪው ሲሠራ፣ ከመስመሩ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራቱ ንዝረት ጠፍቶ ነበር፤ የጎረቤት ፍሪጅም አብሮ ዝም አለ። በጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። መብራት በመሄዱ እግዚአብሔርን ያመሰገንሁበት ሌሊት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ሁሉ በደስታ ልጽፍላችሁ ተነሥቼ ሳለ፣ ቀዩን የመቅረጫ ምልክት በነካሁባት ቅጽበት የተሰማኝን ነገር ዘልዬ ማለፍ አቃተኝ።

በ1985 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ፣ እኔ የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ስድስት የባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ ቴፕ ይዞ መጣ። አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በቤተልሔም ድጓ አስመስክረው፣ ወደ ዙር አባ ወርደው ዝማሬ መዋሥዕት የተማሩ፣ ወጣትነታቸው በጋይንት መንገድ በእግር ጕዞና በቁራሽ እንጀራ ያለቀ ሰው። ያን ሌሊት ባለ 60 ደቂቃውን ካሴት ግማሽ፣ አንዱን ገጽ ሙሉ አዜሙለት። አያቴ ሲጨርሱ አጎቴ ካሴቱን አውጥቶ ከጀርባዋ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላዋ ጫፍ ሰበራቸውና «ከእንግዲህ ማንም አይጽፍባትም» አለ። ያ ጥርስ ከተሰበረ ቴፑ ቀዩን ቁልፍ አይቀበልም።

እኔ ግን በቀዳዳው ላይ ፕላስተር ቢለጠፍበት እንደሚቀበል ከትምህርት ቤት ልጆች ሰምቼ ነበር። በማግሥቱ ክረምት፣ ሌላ ካሴት በቤት ባለመኖሩ፣ ፕላስተሩን በጣቴ አሽቼ ለጠፍሁና ከራዲዮ የወደድሁትን ዘፈን ቀዳሁ፤ ከዚያም ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። ሁለቱን ቁልፎች ባንድነት ስጫን የተሰማው ቀጭ ያለ ድምፅ እስከ ዛሬ በአውራ ጣቴ ላይ አለ። አያቴ በ1986 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙት ዓመታቸው ሲወጣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «እስቲ ድምፃቸውን እንስማ» ተባለና ካሴቷ ገባች፤ ዘፈን ጮኸ። ማንም አልገረፈኝም። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቴፑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም በበሩ ሥር ተቀምጬ ስሰማ፣ ዘፈኑ ሁሉ አልቆ፣ ካሴቷ ልታበቃ 4 ደቂቃ ሲቀራት፣ የአያቴ ድምፅ ከመካከል ተነሥቶ መጣ። እናቴም መለሰችው፤ እንደ ገናም መለሰችው።

የአገራችንን ታሪክ ሳነብ ልቤ ሁልጊዜ እንደዚህ ባለው ቦታ ላይ የሚሰናከለው ስለዚህ ይሆናል። ከዚህች ከተማ ደጃፍ ባለው በጋፋት ሴባስቶፖልን ያሠሩት ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲያርፉ፣ ኤዲሰን ፎኖግራፉን ሊሠራ 9 ዓመት ይቀረው ነበርና፣ ያ ሠራዊት ያንቀጠቀጠ ድምፅ ለማንም አልደረሰም። ጦር የላኩባቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1898 ለዓፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ቃላቸውን በሰም በርሜል ላይ ቀርጸው ላኩ፤ ከተሰማ በኋላም ይጥፋ ብለው ስላዘዙ ተሰበረ። ዓፄ ምኒልክና እቴጌይቱ በበኩላቸው በድምፅ የላኩት መልስ አለ፤ በጭረት ውስጥ እየሰመጠ እየወጣ ይሰማል። ከዚህ ከፎገራ የወጡት አለቃ ገብረ ሐና ለልጃቸው ለተክሌ ያስተማሩት፣ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ ያቆመው አቋቋም ዛሬ በማኅሌት ሲወረብ እናየዋለን፤ የሁለቱን ድምፅ ግን አንሰማም። በዓፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለድጓው ምልክት ሠሩ የሚባሉት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያን ያህል የደከሙት፣ ቃል በአፍ ብቻ እንደማይጠበቅ ገብቷቸው ይመስለኛል። የሠሩት ምልክት ዜማውን ለሚያውቅ ያስታውሳል፤ ለማያውቅ ግን አይዘምርም።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ፣ ከማይኩ በፊት፣ የኢንተርፌሱን ሁለተኛ ቀዳዳ የሞከርሁት በዚያች ካሴት ነው። ከአንድ ቴፕ ጠጋኝ ቤት የተዋስሁትን ቴፕ በገመድ አገናኝቼ 4ቱን ደቂቃ አስገባሁ። ሽሽታው ብዙ ነው፤ የማጣሪያ ፕሮግራም ብነካው ሽሽታው ሲቀንስ የአያቴም ትንፋሽ አብሮ ሲቀንስ ሰማሁና እጄን ሰበሰብሁ። እንዳለ ይቀመጥ።

ዛሬ የኔታ ከጨረሱ በኋላ ሄድፎኑን በጥምጥማቸው ላይ ቀስ አድርጌ ደፋሁላቸውና የራሳቸውን ድምፅ አሰማኋቸው። በሕይወታቸው ራሳቸውን ከውጭ ሆነው የሰሙት ይህ የመጀመሪያው ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ መቋሚያቸው ብቻ በአጎዛው ላይ ቀስ እያለች ትመታ ነበር። ከዚያ ባንድ ቦታ ላይ እጃቸውን ድንገት አነሡና፦

«እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» አሉ።

«የኔታ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«አንተማ ምን ትሰማለህ፤ መምህሬ ቢኖሩ በበትር ነበር የሚመልሱኝ። ነገ እንመልሰዋለን።»

ነገም ከነገ ወዲያም ይመጣሉ፤ እስከ ሐምሌ 30 አራት ሌሊት ቀርቶናል፤ ፍልሰታ ከገባች ሱባኤ ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ አሁን የዛሬዋን 38 ደቂቃ ሦስተኛ ቦታ ላይ እየገለበጥሁ ነው፤ አንደኛው እኔ ጋር፣ ሁለተኛው እናቴ ሣጥን ውስጥ፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ይሄዳል። ያን ጅራፍ ያጮኸውን ልጅ የምታውቁት ካላችሁ፣ እስከ 30 ድረስ ከ12 ሰዓት በፊት እንዳያጮኽ ለምኑልኝ፤ ለቡሄ ሙልሙሉን እኔ እችላለሁ።

መብራት መጣ። ኸምታውም መጣ። ልተኛ።