የእርሳስ ምስክር

በአዲስ አበባ ትናንሽ የእንጨት ሥራ ቤቶች ትእዛዝ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። ደንበኛው እጁን ዘርግቶ «ከዚህ እስከዚህ» ይላል። ዛሬ ዛሬማ ከቴሌግራም ያገኘውን ፎቶግራፍ አሳይቶ «ቁርጥ ይህን» ብሎ ቀብድ ከፍሎ ይሄዳል። ፎቶግራፍ ልኬት እንደሌለው የሚነግረው የለም፤ ቀብዱ ተቀብሏላ!

ቂርቆስ አካባቢ የማዘወትረው አንድ ቤት ግን ሥዕል ያልተሰቀለለት ሥራ አይጀመርም። ሥዕሉን የሚያነሡት ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው፤ ስኬሉ አንድ ለአሥር፣ ቁጥሩ ሁሉ በሚሊ ሜትር፣ ግርጌው ላይ ቀንና የደንበኛው ፊርማ። ልኬት ከተለወጠ አሮጌው ወረቀት ወርዶ ይቀደዳል። ሥዕሉን በማስመሪያ መለካትም ክልክል ነው፤ የሚሠራው የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ለአራት ሠራተኛ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። እስቲ ሂሳቡን እንየው። አንድ ኮምፔንሳቶ ርዝመቱ 2440 ሚሊ ነው። «ለአራት ክፈለው» የተባለ ልጅ 610፣ 610 እያለ ይቆርጣል። መጋዙ ግን በየቁርጡ 3 ሚሊ ያህል ይበላል፤ በሦስት ቁርጥ 9 ሚሊ ሰጋቱራ ሆኖ ይቀርና የመጨረሻዋ 601 ሆና ትወጣለች። ወርዱ 1200 የተባለ የመጽሐፍ መደርደሪያስ? ከውጭ ነው ከውስጥ? ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ ከወፈሩ ውስጡ 1164 ነው። ይህቺ 36 ሚሊ ስንቱን ደንበኛ ከስንቱ አናጢ አጣልታለች! ዋንዛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ በክረምት በወርዱ ያብጣል። የሚተውለት ክፍተት ካልተጻፈ መሳቢያው በሐምሌ አልከፈት ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን እንጨቱ አይደለም። ሌላ ቤት አንድ ቁምሳጥን ከሁለት ግድግዳ መካከል አልገባ አለ። ደንበኛዋ «አንድ ሜትር ከሰባ ነው ያልኩት» አለች፤ ባለቤቱ «ሰማንያ ነው ያልሽኝ» አለ፤ ዋናው አናጢ ዝም አለ። በመጨረሻ የእንጨቱ ዋጋ ከቆራጩ ልጅ ደመወዝ ላይ ተነሣ። ምን ብሎ ይከራከር? እሱ የሰማውን ነው የቆረጠው። ቃል ምስክር ሲያጣ ዕዳው ቁልቁል እየተንከባለለ ከትንሹ ሰው ላይ ያርፋል።

ቂርቆስም ቢሆን ስሕተት አይጠፋም። ባለፈው የመጽሐፍ መደርደሪያ ሲገጥሙ አግዳሚዎቹ አጥረው ተገኙ። ባለቤቱ ጮኹ፤ «ማነው በ1146 ቁረጥ ያለህ?»

ልጁ ማሽኑን አጠፋ።

«ጋሼ፣ እስቲ ወረቀቱን እንይ።»

መነጽራቸውን አድርገው ሄደው አዩ። በራሳቸው እጅ፣ ጥርት ባለ እርሳስ፣ 1146 ይላል። ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ደብተራቸውን አወጡና የእንጨቱን ዋጋ በራሳቸው ስም ጻፉ። ልጁም ሰጋቱራውን ከሸሚዙ አራግፎ ሌላ ኮምፔንሳቶ ሊያወርድ ሄደ።