አቧራው የት ይሄዳል?

ቫኪዩም ክሊነር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ጉልበቱንና ዋጋውን። እኔ ግን በነርስነት ስሠራ ትንፋሽ አጥሯቸው በእናቶቻቸው እቅፍ የሚመጡ ብዙ ሕፃናት ስላየሁ ይመስለኛል፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ማሽኑ የሳበው አቧራ የት ይሄዳል? ማሽኑ በአንድ በኩል አየር ይስባል፣ በሌላ በኩል ይተፋል። በመካከል ያለው ማጣሪያ ደካማ ከሆነ ትልልቁ ቆሻሻ ይቀርና ደቃቁ፣ በዓይን የማይታየው፣ ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ደግሞ ይኸው ደቃቁ ነው።

ነገሩ ቤታችን መነጋገሪያ የሆነው በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ስድስት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። አባቷ አያት አካባቢ ቤት እያሠራ ነው፤ ማሪላንድ ያለችው እህቱ ቤት ያየውን፣ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን ቫኪዩም እኔም ካላስገባሁ አለ። «እማዬ፣ ለልጅቷ ጤና እኮ ነው» ሲለኝ ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም፤ ሐሳቡ ከንቱ አይደለማ።

ሴት ልጄ ዘንድ አምስት ወር ስቀመጥ በዚያው ማሽን ስለጠረግሁ አውቀዋለሁ። ሞተሩና የአቧራ ማጠራቀሚያው ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ከዚያ የሚነሣ ሁለት ኢንች ያህል ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወደየፎቁ ይሄዳል፤ በየቦታው እንደ ሶኬት ያለ ክዳን ያለው ቀዳዳ አለ። ረጅሙን ጎማ እዚያ ይሰኩና ያበሩታል። ጩኸቱ ጋራዥ ስለሚቀር ሕፃን ተኝቶም ይጠረጋል። ጉልበቴን ለሚያመኝ ለእኔ፣ ማሽን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት መቅረቱ ትልቅ ነገር ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአየሩ መውጫ ወደ ውጭ መሆኑ ነው። ከማጣሪያው የሚያመልጥ ደቃቅ አቧራ ቢኖር ግቢ ይወድቃል እንጂ መኝታ ቤት አይመለስም።

ችግርም አለው። ጎማው 9 ሜትር ያህል ስለሆነ መጎተቱ ያደክማል፣ ማስቀመጫ ቦታም ይፈልጋል። ቧንቧው መታጠፊያ ላይ ከተደፈነ ደግሞ ጣጣ ነው። ለፋሲካ ቡና አፍልተን ምንጣፉ ላይ የተበተነውን ፈንዲሻ በአንዴ ጠራረገው፤ ቄጤማውን ግን ልጄ እንዳይደፈንባት ፈርታ አንድ በአንድ በእጃችን አስለቀመችን።

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖችም ቤት የሚገቡ አልነበሩም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሠራው ማሽን በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ወደ ቤት የሚገባው በመስኮት የሚሳበው ጎማ ብቻ ነበር። ተንቀሳቃሹን የሠራው ደግሞ ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል በኦሃዮ የአንድ መደብር ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሰውየው አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ አቧራው ቢያስቸግረው የቬንትሌተር ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ሠራው። በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ኋላም ሁቨር ለሚባለው ቤተሰብ ሸጠው። ይህን ለልጄ ስነግረው ሳቀና «ታዲያ አስም ያለበት ሰው ነው የፈጠረው» አለ፤ እኔን የረታኝ መስሎት።

የእኛ ቤት ግን የማሪላንዱ አይደለም። እዚያ የብዙው ቤት ግድግዳ በእንጨት የተዋቀረ፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቤቱ ካለቀ በኋላም ቧንቧ ማሳለፍ ይቻላል። የእኛ ብሎኬትና ኮንክሪት ነው፤ ከልስን በፊት ካልተቀበረ ኋላ ግድግዳ መቆርቆር ይመጣል። ከአሜሪካ የሚመጣው ሞተር የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የእኛ መብራት 220። ሞተሩ ቢበላሽ ደግሞ ተሸክመው ጠጋኝ ቤት የሚወስዱት ዕቃ አይደለም፤ አዋቂው ነው ወደ ቤት የሚጠራው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። አስም የሚቀሰቅሱት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች፣ በተለይም ኩሳቸው፣ የሚገኘው ፍራሽ፣ ትራስና ምንጣፍ ውስጥ ነው። ተባዮቹ ክሩን ቆንጥጠው ስለሚይዙ የትኛውም ማሽን ጨርሶ አያወጣቸውም። ስለዚህ ለልጄ እንዲህ አልኩት፤ አዲሱ ቤት ወለሉ ሴራሚክ ይሁን፣ ከግድግዳ ግድግዳ ምንጣፍ አታንጥፍ፣ ለልጅቷ ፍራሽና ትራስ አቧራ የማያሳልፍ ዚፕ ያለው ልባስ ግዛ፣ አንሶላዋ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ውሃ ይታጠብ። ሴራሚክን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል አቧራውን ሳያስነሣ ያነሣዋል። እናቶቻችን ውሃ ረጨት አድርገው የሚጠርጉት፣ የአፈሩን ወለል በእበት የሚለቀልቁት በከንቱ አልነበረም። የከሰልና የዕጣኑ ነገር ደግሞ አለ። በውድ ማሽን ጠርጎ ሲያበቃ አስም ያለባት ልጅ አጠገብ ዕጣን የሚያጨስ ቤት አይቻለሁ፤ ይህን ስናገር ጎረቤቶቼ ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙ።

ለሶፋውና ለመጋረጃው ተንቀሳቃሽ ቫኪዩም ይበቃል፣ ግን ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ያለው ይሁን። ትክክለኛው ሄፓ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ደቃቅ እንኳ 99.97 በመቶ ያስቀራል። ማጣሪያው በትክክል ካልተገጠመ ወይም በወቅቱ ካልተቀየረ ግን ከንቱ ነው። ልጄ ግማሹን ተቀበለኝ። ቧንቧውን ከልስን በፊት አስቀብሮ አፉን ደፈነው፣ ሞተሩን ለሌላ ጊዜ አቆየው። በዚህ አልተከራከርኩትም፤ ወጪው የከበደው በሞተሩ ነው።

ተንቀሳቃሹን ስንገዛ የተጣላነው በከረጢቱ ነው። ልጄ ከረጢት የሌለውን መረጠ፣ ከረጢት በየጊዜው መግዛት ይቀራል ብሎ። ያንን ጎድጓዳ ዕቃ ማን ይደፋዋል? እሱ አይደለም፤ ቤት የምታግዘን ልጅ ናት። ሲደፋ የሚነሣው ብናኝ ፊት ለፊቷ ነው፣ እሷም ሳንባ አላት። ስለዚህ አፉ ተዘግቶ እንዳለ የሚጣል ከረጢት ያለውን ገዛን። ቅዳሜ ጠዋት ሲጠረግ የልጅ ልጄ ጎረቤት ሄዳ ትጫወታለች፣ መስኮት ይከፈታል፣ የተነሣው አቧራ እስኪረጋም ቶሎ አትመለስም። ከረጢቱ ሲሞላ አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ፣ ግቢ አውጥቼ የምቀይረው እኔ ነኝ።