ሽሮ ሜዳ፤ የሸማኔው ስንዝር

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ የአሜሪካን ኤምባሲ ካለፈ በኋላ ወደ እንጦጦ ተራራ መቃረቡን የባሕር ዛፉ ሽታ ያስታውቃል። ሽሮ ሜዳ የተባለው ሰፈር የሚገኘው በዚሁ ተራራ ግርጌ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሱቆች ደጃፍ ነጠላው፣ ጋቢውና ባለ ጥለቱ ቀሚስ ተሰቅሎ ሲታይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ለበዓል የለበሰ ይመስላል። እኛም በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ጧት ወደዚያ የወጣነው ለመግዛት ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ሁሉ ልብስ ገዢውን እንዴት እንደሚያገኝ ለመመልከት ነበር።

ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ጥቂት እንደ ገባን የመወርወሪያ ድምፅ ተሰማን። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ ማጉን የያዘውንም መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ጥለቱን ግን በቀለም ክር ጥቂት በጥቂት እየለቀመ ስለሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት እርሱ ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለዚህ ሰፈር የገበያ ሕግ ነው። ጥር 11 ቀን ከመድረሱ በፊት ያልተሸጠ ቀሚስ ሌላ በዓል እስኪመጣ ተሰቅሎ ሊሰነብት ይችላል፤ የወጣበትም ገንዘብ አብሮ ይታሰራል። ያልተሸመነ ክር ነጠላም ጋቢም ለመሆን ይችላል፤ የተሸመነው ግን ያንን ጥለት ለወደደ ሰው ብቻ ነው።

በዚያን ቀን ያገኘነው አንድ ወጣት ሸማኔ ሰፊ፣ የወርቅ ቀለም ያለው አዲስ ጥለት አስቦ፣ የደረሰውን የዕቁብ ገንዘብ በሙሉ በክር ላይ አውሎ ለጥምቀት ሃያ ቀሚስ ለመሥራት ቈርጦ ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ ተቃርባ ነበርና፣ ያ ገንዘብ ከእጃቸው ቢወጣ ሌላ መጠባበቂያ አልነበራቸውም። አጠገቡ የሚሠሩት ሽማግሌ ይህን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሃያውን ለጊዜው ተወው፤ አስቀድመህ አንድ ስንዝር ሥራ» አሉት። «ጋሼ፣ በስንዝር ማን ቀሚስ ይሰፋል?» ቢላቸው፣ «የምትለካው የገዢውን ፍላጎት ነው» ብለው መለሱለት።

አሠራሩም ቀላል ነው። ለሌላ ሥራ በተዘረጋ ድር ጫፍ ላይ አዲሱ ጥለት አንድ ስንዝር ያህል ይሸመንና ተቈርጦ ለባለ ሱቅ ይሰጣል፤ ባለ ሱቁም ለገበያተኛው ያሳያል። ወጣቱ እንዲሁ አደረገ። ጨርቁን ያየ ሁሉ «እጅግ ያምራል!» እያለ ሲያልፍ እኛም ቆመን ሰማን። ወጣቱም ተደስቶ ወደ ክር ነጋዴው ሊሄድ ሲነሣ ሽማግሌው እንደ ገና ከለከሉት። «ያምራል ለማለት ገንዘብ አይወጣበትም። ዋጋውን ንገርና ቀብድ ጠይቅ» አሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ፣ ካደነቁት ከብዙዎቹ መካከል ቀብድ የከፈሉት አራት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ተረዳን። ከአራቱም ሦስቱ ጥለቱን የፈለጉት ለነጠላ ነበር፤ ወርዱም ጠበብ እንዲል አዘዋል። ወጣቱ ለእነዚሁ የሚበቃውን ክር ገዝቶ ሥራውን ጀምሯል፤ የቀረው የዕቁብ ገንዘብ በሚስቱ እጅ ተቀምጧል።

ይህ ብልሃት በታላላቅ ነጋዴዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ኒክ ስዊንመርን የተባለ ሰው ጫማ በኢንተርኔት ለመሸጥ አሰበ። ነገር ግን መጋዘን በጫማ አልሞላም፤ በሱቆች ያሉትን ጫማዎች ፎቶግራፍ አንሥቶ አሳየ። ሰው ባዘዘው ጊዜም ከሱቁ ገዝቶ ይልክ ነበር። በዚህ አሠራር ትርፍ አላገኘም፤ ሰዎች ሳይለኩ ጫማ የሚገዙ መሆናቸውን ግን በጥቂት ወጪ አረጋገጠ። ከዚያ የተነሣው ዛፖስ የተባለው ድርጅት በ2009 ዓ.ም. በአማዞን ተገዝቷል።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ በየቤታችን ዳቦ ጋግራ ለመሸጥ የምታስብ እናት፣ ወይም በቍጠባው ሱቅ ለመክፈት የሚመኝ አባት አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው ምጣዱን ወይም ቤት ኪራዩን ከመክፈሉ በፊት የራሱን ስንዝር ይሥራ፤ ይኸውም ጥቂት ዳቦ ጋግሮ በእውነተኛው ዋጋ ለጎረቤት ማቅረብ ነው። ዘመድ ለፍቅር ሲል ያመሰግናልና፣ ምስጋናውን በአክብሮት ተቀብሎ ቍጥሩን ግን ከከፈሉት ብቻ ይያዝ። ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ የሚገዛ ሰው ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። ቀብድ የሚቀበልም ዕቃው ገና ያልተሠራ መሆኑን በግልጥ ይናገር፤ ሳይሠራው ቢቀር ገንዘቡን ሳይጐድል ይመልስ። አለዚያ ገበያውን ሲፈትን የሰውን እምነት ያጠፋል።

ስንዝሩ ገዢ ቢያጣ የጠፋው የአንድ ቀን ድካምና ጥቂት ክር ነው። የቤተ ሰብ ገንዘብ ብዙ ዓመት የተለቀመ ስለ ሆነ፣ ከመዘርጋቱ በፊት ይህን ያህል ትዕግሥት ይገባዋል።