ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጠማማ የለመደ እጅ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፑል ነው። ፖለቲካ ስትጠብቁ ለነበራችሁ ይቅርታ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን እዚያው እንደርሳለን።

ወረታን ያለፈባት ሁሉ ያውቃታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ሩዝ፣ ከብት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ። እኔ ያደግሁባት ፑል ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች፣ አንድ ጠረጴዛና አራት እንጨት ያላት የቆርቆሮ ቤት ናት። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል።

ጠረጴዛዋ ዘመም ትላለች። በቀስታ የተመታ ኳስ እየተንከባለለ ወደ አንዱ የማዕዘን ቀዳዳ ይሄዳል። ያን ቀዳዳ «ጣና» እንለዋለን። ርብም ጉማራም መጨረሻቸው ጣና አይደል? ኳሱም እንደዚያው ነው።

አራቱ እንጨቶች ክረምት እርጥበት እየጠጡ፣ በጋ እየደረቁ ጎብጠዋል። ጫፋቸው ላይ ያለው ቆዳ ከአሮጌ ቦርሳ ተቆርጦ በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ነው። የምንቀባው ጠመኔ የትምህርት ቤት ጠመኔ ነው። ቢሆንም እያንዳንዳችን ከአራቱ አንዱን እንመርጥ ነበር። የእኔ ሁለተኛው ነበር። ጉብጠቱ ወደ ታች እንዲሆን አዙሬ እይዘዋለሁ፤ ኳሱን ከመሃል ግራ ስመታው ምን ያህል ወደ ቀኝ እንደሚሸሽ እጄ ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ የ«ጣና»ን ዘመምታ እደምርበታለሁ። ይህን ሁሉ አስቤ አላደርገውም። እጄ ያደርገዋል።

መንገዱ ክፍት በነበረበት አንድ ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጣ። በቀጭን ሻንጣ ውስጥ በልኩ ያሠራውን እንጨት ይዞ ነበር። የከፈለበትን ሲነግረን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። የፑል ቤቱ ባለቤት በመጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ እጁን ታጥቦ መጣና «እስቲ ልያዘው» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሌላ ነው። ርዝመቱ 147 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 540 ግራም ገደማ ነው። ከእኛው ጋር ብዙም አይለያይም። ሲያዝ ግን ቀለል ይላል፤ ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ተለክቶ ተሠርቷልና። የፊተኛው ግማሽ ሜፕል የሚባል ነጭ እንጨት ነው፤ የኋለኛው ዞጲ ነው። መያዣው ላይ የተጠመጠመው ክር የአየርላንድ የተልባ እግር ነው። እኛ ተልባን ዘሩን ቆልተን እንፈጨዋለን፤ እነሱ ከአገዳው ክር ያወጣሉ። ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ደግሞ በስሱ ተነባብሮ የተጣበቀ የአሳማ ቆዳ ነው። ይህን ሲነግረን ከመካከላችን አንዱ እንጨቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ጾም ላይ ነን እኮ!»

ይህ ቆዳ ቀልድ አይምሰላችሁ፤ የጨዋታው ነፍስ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሷ ሚንጎ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ከእስር ቤት ሆኖ ይጫወት ነበር፤ እንጨቱ ጫፍ ላይ ቆዳ በማድረጉ ኳስን እያሽከረከሩ መምታት ተቻለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ሠሪዎች ክርክር አላለቀም። ከሩሲያ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ጆርጅ ባላቡሽካ ከ1959 እስከ ሞተበት 1975 ድረስ በእጁ የሠራቸው እንጨቶች ዛሬ እንደ ጌጥ ይሰበሰባሉ። አንዱ ሁለቱ ክፍሎች የሚገጣጠሙበት ቦታ ብረት ሲሆን ምቱ ጥርት ይላል ይላል፤ ሌላው እንጨት ከእንጨት ሲገጥም ይለሰልሳል ብሎ ይሟገታል።

እኛም ሦስት እንጨት አሰልፈን አመሳከርን። የግድግዳው ሁለተኛ ሲመታ «ጧ» ይላል፤ ንዝረቱ እስከ ክርን ይሰማል። ባለቤቱ ለራሱ የገዛው ተገጣጣሚ የቻይና እንጨት ቀጥ ያለ ነው፤ ብሎኑ ላላ ስለሚል ግን ምቱ ላይ ይንኳኳል፤ ኳሱን መሃሉን ካልሆነ ሌላ ቦታ ልምታህ ሲሉት ይኮርፋል። የአክስቴ ልጅ እንጨት «ጥም» ብሎ ዝም ይላል። ቆዳው ኳሱን ለቅጽበት ይዞ የሚለቀው ይመስላል። ነጩ ኳስ ሌላውን ገጭቶ በመሽከርከሩ ኃይል ወደ ኋላ ሲመለስ አይቼ «ይህማ ድግምት ነው» ብያለሁ።

ታዲያ በዚህ እንጨት ስንት ጨዋታ አሸነፍን? አንድም! የወንድሜ ልጅ የፑል ቤቷ አንደኛ ተጫዋች ነው። ከእሱ ጋር ስንት ሰው ከፍሏል! በዚያ እንጨት በመጀመሪያው ቀን በሩቁ ቀዳዳ አፍ ላይ የቆመ ኳስ ሳተ። እኔም ሳትሁ። ባለቤቱም ሳተ። «ውድ ነገር ለእኛ አይሆንም» ብለን ልንመልስለት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ነው ያስረዳን። ኳስን ከመሃል ግራ ስትመታው ወደ ቀኝ ሸሸት ይላል። የሚሸሸው የእንጨቱ ጫፍ በከበደ መጠን ነው። ፕሬዳተርን የመሳሰሉ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጫፉን ክብደት እየቀነሱ ሽሽቱን አሳንሰውታል። የእሱም እንጨት እንደዚያ ተደርጎ የተሠራ ነው። የእኛ እጅ ግን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ሽሽቱን አስቀድሞ እያካካሰ ኖሯል። እንጨቱ ልክ ወደ ጠቆምነው ሄደ፤ የጠቆምነው ግን ሆን ብለን አሳስተን ነበር። ስህተቱ የእንጨቱ አልነበረም። ስህተቱ የእጃችን ነው ማለትም ይከብዳል፤ ለጠማማው በደንብ የሠለጠነ እጅ ነውና።

እንጨቱን ለአባቴ ወስደን አሳየነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ ፑል ቤት የሥራ ፈት ቤት ነው ብሎ የሚያምን። እንጨቱን ተቀብሎ እንደ ሞፈር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየበት። «የሠራው ሰው እንጨት ያውቃል» አለ። ቀጠለና የአክስቴን ልጅ ጠየቀው፦ «በማን ልክ ነው የሠራው ልጄ?»

«በእኔ ልክ ነው አባባ።»

«እንግዲያ ልክ ነው። ሞፈር በበሬው ልክ፣ እርፍ በሰውየው ልክ ነው። እንጨት የሚቃናው ግን በርጥቡ ነው። ከደረቀ ወዲያ ላቃናህ ብትለው ይሰበራል።»

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ።

የወንድሜ ልጅ በትምህርት ቤቱ ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጣ ልጅ ነበር። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀመጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኩረጃን ለማስቆም ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ታውጇል። በእሱ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። እሱ ከ96.8ቱ አንዱ ነበር። ፑል ቤቷ ውስጥ አንደኛ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ያኔ አገሩ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይጨቃጨቅ ነበር። አንዱ «ፈተናው ነው ጥፋቱ፣ ልጆቹን ለመጣል የወጣ ነው» ይላል። ሌላው «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፣ ኮራጅ ትውልድ» ይላል። እኔም ከሁለተኛዎቹ ጋር ነበርሁ፤ በዚህ አፌ ተናግሬአለሁ። ያን እንጨት ይዤ የቀረበ ኳስ እስክስት ድረስ።

ፈተናው ቀጥ ማለቱ ትክክል ነበር። ዛሬም እደግፈዋለሁ። ግን 11 ዓመት በዘመመ ጠረጴዛ፣ በጎበጠ እንጨት ያጫወትነውን ልጅ በ12ኛው ዓመት ቀጥ ያለ እንጨት ሰጥተን ሲስት «ሰነፍ» አልነው። መጽሐፍ በአግባቡ ያልደረሰው ልጅ ነው። ኮፒ ማድረግ እንደ መተጋገዝ ሲቆጠርለት ያደገ ልጅ ነው። ክልላችን ውስጥ ደግሞ ከእሱ ታናናሾች ብዙዎቹ ትምህርት ቤታቸው በጦርነት ተዘግቶ ከዓመት ዓመት የተሻገሩ ናቸው። እነዚህ ነገ ለዚያው ፈተና ይቀመጣሉ። ማቃናት ካለብን በርጥቡ ነው፤ አንደኛ ክፍል ላይ፣ አራተኛ ክፍል ላይ። የደረቀውንም ቢሆን መጣል የለብንም፤ ለመልመጃ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ጊዜ ሲሰጠው ምን እንደሚሆንም አይቻለሁ። የአክስቴ ልጅ እንጨቱን ለአምስት ቀን ተወለት። ልጁ ጠዋት ፑል ቤቷ ባዶ ስትሆን እየሄደ አንዱን ምት ብቻ ይደጋግም ነበር። በሦስተኛው ቀን መግባት ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቱን እንጨቱን እንኳ ሳያስቀምጥ በተከታታይ አሸነፈው። ከዚያ የአክስቴ ልጅ እንጨቱን ሻንጣው ውስጥ አድርጎ ሄደ። ያንኑ ዕለት ማታ ልጁ የግድግዳውን ሁለተኛ አንሥቶ ሲመታ ሳተ። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጠረጴዛዋን ጎንበስ ብሎ ያያት ጀመር።

በማግሥቱ ከአንድ ግንበኛ ጎረቤት ውሃ ልክ ተውሶ መጣ። እግሯ ሥር ጣውላ እየሸጎጥን፣ እያየን፣ እያወጣን ጠረጴዛዋን ግማሽ ቀን አስተካከልናት። «ጣና» ጠፋ። ደንበኞች እንዴት እንደተቆጡ! አንዱ «ቤቱን አበላሻችሁት» ብሎ ሌላ ፑል ቤት ሄደ። ባለቤቱም ገቢው ሲቀንስ ጣውላውን ሊያወጣው ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ነበር። ለሁለት ሳምንት ሰው ሁሉ የቀረበ ኳስ እየሳተ ተነጫነጨ።

በሦስተኛው ሳምንት ስለ ጠረጴዛዋ የሚያወራ ጠፋ። የሄደውም ሰውዬ ተመልሷል። የወንድሜ ልጅ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ጠዋት ጠዋት ያጠናል፤ ማታ ማታ እኔን ያስከፍለኛል።